ከጽዋ ማኅበር እስከ ሸንጎ

ዴሞክራሲ የሚባለው ሥርዓተ መንግሥት በሕገ መንግሥት ይጻፋል፣ በአዋጅም ይነገራል፤ ሕዝቡ ግን ተራ ጠብቆ መናገርን፣ የተመከረበትን ማክበርንና አደራ የሰጠውን ሰው ሒሳብ መጠየቅን የሚለማመደው ከሸንጎው አስቀድሞ በሰፈሩና በአጥቢያው ነው።

በደብረ ማርቆስ ዙሪያ ባሉት አድባራት የጽዋ ማኅበርተኞች በወርኃዊው በዓል በተረኛው ቤት ሲሰበሰቡ፣ ካህኑ ጸሎት አድርሶ ዳቦው ከተቆረሰ በኋላ፣ የማኅበሩ መሪ ሙሴው ማን እንደቀረና ስለ ምን እንደቀረ ይጠይቃል፤ የታመመ ቢኖር የሚጠይቁት ይታዘዛሉ፤ የተቀያየሙ ቢኖሩ ሳይታረቁ ከአንድ ጽዋ መጠጣት ነውር ነውና ሽማግሌ ገብቶ እርቅ ያወርዳል፤ በፍጻሜውም ባለጠጋ ድኻ ሳይል ጽዋው ለቀጣዩ ተረኛ ይተላለፋል። በወንፈልም ዛሬ ለጎረቤቱ ያጨደ ነገ ይታጨድለታል። እድሩ ደግሞ ሰብሳቢውን፣ ጸሐፊውንና ገንዘብ ያዡን መርጦ ሒሳቡን በጉባኤ ያሰማል። ፊደል ያልቆጠረው ገበሬ ሳይቀር ሹም ተጠያቂ መሆኑን የሚማረው በዚህ ነው።

የውጭ አገር ምስክር ብንፈልግ፣ አሜሪካዊው ሊቅ ሮበርት ፑትናም እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተመው መጽሐፍ፣ እ.ኤ.አ. በ1970 በአንድ ዓይነት ሕግ የተቋቋሙት የኢጣልያ ክፍላተ ሀገር መስተዳድሮች ሰዎች በማኅበር በተሳሰሩበት በሰሜን ሲሠምሩ፣ ይህ መተሳሰር በሳሳበት በደቡብ ግን እንደ ደከሙ ጽፏል።

የእኛ አገር ምስክር ደግሞ 1960 ዓ.ም. ነው። የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ በወጣ ጊዜ ርስቴ ተለክቶ ይነጠቅብኛል ብሎ የሰጋው የጎጃም ገበሬ፣ የፖለቲካ ፓርቲ በአገሩ ባልነበረበት ዘመን፣ በዘመድና በአጥቢያ ትስስር ብቻ ከሞጣና ከቢቸና እስከ ዳሞት በአንድ ቃል እምቢ አለ፤ ጦርም ቢዘምትበት አልተበተነም፤ በመጨረሻ ጠቅላይ ገዢው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከግዛቱ ተነሡ፣ ግብሩም ሳይሰበሰብ ቀረ። ኅብረት ምን ያህል ኃይል እንዳለው ይህ ያሳያል፤ ነገር ግን ቅሬታውን በጊዜው ወደ ፓርላማው የሚያደርስ የታመነ መንገድ ስላልነበረ፣ በምክር ሊያልቅ የሚገባው ነገር በደም አለቀ። ስለዚህ የሰፈር ፍቅር ብቻውን አይበቃም፤ ከሕግና ከምርጫ ጋር ሊጋጠም ይገባል።

በዘመናችን በሕጉ በኩል፣ ከውጭ አገር ከ10 በመቶ በላይ ገንዘብ የሚቀበለውን ማኅበር ስለ ሰብአዊ መብትና ስለ ዴሞክራሲ እንዳይሠራ የከለከለው አዋጅ 621/2001 በአዋጅ 1113/2011 መተካቱ መልካም ነው፤ እድርና እቁብንም ሁለቱም አዋጆች ከተፈጻሚነታቸው ወሰን ውጭ ትተዋቸዋል። ሆኖም ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን በአማራ የሚነደው ጦርነት፣ ሕግ ያልነካውን ትስስር እየነካው ነው፤ ሰው ሰውን ሲፈራ ለቅሶ መድረስና ገበያ መውጣት እንኳ ያሳስባል።

እንግዲህ የምለው ይህ ነው። ሥልጣን የያዘም ሆነ ጠመንጃ የያዘ እድርን የወሬ መልእክተኛና የመዋጮ መሰብሰቢያ አያድርገው፤ ሽማግሌንም የአንድ ወገን አፈ ቀላጤ አያድርገው፤ ገለልተኝነቱን ያጣ ሽማግሌ ማንን ያስታርቃል? እድሮቻችንም በበኩላቸው በሃይማኖትና በትውልድ የሚለየውን ጎረቤት በእኩልነት ይቀበሉ፤ ሴቶችን ለወጥ ቤቱ ብቻ ሳይሆን ለሰብሳቢነትና ለገንዘብ ያዥነትም ይምረጡ፤ በመካከላቸው ያልለመዱትን እኩልነት ከመንግሥት ሊጠይቁ አይቻላቸውምና። በወር አንድ ጊዜ የእድሩን ሒሳብ ያለ ፍርሃት የሚጠይቅ ሰው፣ የወረዳውንና የአገሩንም ሒሳብ ለመጠየቅ ይደፍራል፤ ይህም ድፍረት እስኪሰፋ ድረስ የዴሞክራሲያችን ሥራ ገና በጅምር ላይ ነው።