ማጥበቅ ጥገና አይደለም

«ጎማው ተነቃነቀ? ዳዶውን አጥብቀው፤ ድምፁም አብሮ ይጠፋል።» ይህን ያሉት ለብዙ ወጣቶች የቮልስ ጥገና ያስተማሩ አንድ የጋራዥ ኃላፊ ናቸው። የሚያስቆጣውም ማስተማራቸው ነው። ደቀ መዛሙርታቸው ነገ በሰው መኪና ላይ የሚሠሩት ይህንኑ ነው።

እኒህ ሰው ሊመልሱት የማይችሉት አንድ ጥያቄ አለ፦ የትኛውን ዳዶ? በአንድ ቮልስ ላይ የኋላውና የፊቱ ዳዶ ሕጋቸው ተቃራኒ ነው። የኋላው ባለ 36 ዳዶ 300 ኒውተን ሜትር ገደማ ጉልበት ይጠይቃል። ከላላ የታምቡሩ ጥርስ ይበላል፤ ቤንዚን ሲሰጡና ሲለቁ «ቋ!» የሚለውም ያኔ ነው። ጥርሱ አንዴ ከተበላ ማጥበቅ አይመልሰውም፤ ታምቡሩ ይቀየራል። የኋላው ኩሽኔታ ራሱ ካለቀ ደግሞ ዳዶው ምንም አያስተካክልለትም፤ እሱም መቀየር ብቻ ነው።

የፊቱ ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1966 ሞዴል ወዲህ ያለው ቮልስ ፊት ላይ የሾጣጣ ሮለር ኩሽኔታ አለው። ፋብሪካው ለዚህ ኩሽኔታ ከ0.03 እስከ 0.12 ሚሊሜትር ልቅነት አዝዟል። ዜሮ አላለም! ከዳዶው ሥር ያለው ሮንዴላ በካቻቢቴ ጫፍ ገፋ ሲያደርጉት ትንሽ መንሸራተት አለበት። ይህ ክፍተት የተተወው ብረት ሲሞቅ ስለሚያብጥ ነው። ከእንጦጦ ቁልቁል ፍሬን እየረገጡ ሲወርዱ ታምቡሩ ይግላል፤ ሙቀቱም ወደ ኩሽኔታው ይገባል። ክፍተት ያልተተወለት ኩሽኔታ እርስ በርሱ ይፋጫል፣ ግራሶው ቀልጦ ይፈሳል፣ ሮለሮቹ ይቃጠላሉ። ብሶ ከተጣበቀ የተቀመጠበትን አክስል ይዞ ይጠፋል። «ጠግነናል» ተብሎ የተረከብነው መኪና በገዛ ጥገናው ሞተ ማለት ነው።

ኃላፊው «መነቃነቁ እኮ ጠፋ» ይላሉ። ጠፋ እንጂ ምክንያቱ አልታወቀም። ጎማውን በክሪክ አንሥቶ ከላይና ከታች ይዞ ሲያነቃንቁት፣ ሌላ ሰው ፍሬን ይርገጥ። መነቃነቁ ከቆመ ኩሽኔታው ነው። ካልቆመ ቴስቲኒው ወይም ፔርኖው ነው፤ ያን ደግሞ ዳዶ በማጥበቅ የሚያድን ሰው የለም። እንዲህ ያለው መኪና ጤነኛ ኩሽኔታው ታፍኖ፣ የታመመው መገጣጠሚያ ሳይነካ ወደ መንገድ ይወጣል። አደጋው ያለው እዚህ ላይ ነው፤ በዚያ መገጣጠሚያ ላይ የተንጠለጠለው ጎማው ነውና።

ድምፁም እንዲሁ ይናገራል፤ የሚያዳምጠው ቢገኝ። ቤንዚን ሲሰጡና ሲለቁ የሚለዋወጥ ጩኸት ካምቢዮውንና ዲፈረንሻሉን ያመለክታል። ቤንዚን ቢሰጡም ቢለቁም ሳይለወጥ፣ ፍጥነት ተከትሎ የሚያድግ እምምታ ከጎማ አካባቢ ነው፤ ወደ ቀኝ ሲታጠፉ ከባሰ ክብደቱ ያረፈበት የግራው ኩሽኔታ ይጠርጠር። አስፋልቱ ሲለወጥ የሚለወጠው ደግሞ የጎማው የራሱ ድምፅ ነው። ይህን ለመለየት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ አንድ ዙር መንዳትና ጆሮ መስጠት ይበቃል። ሰነፉ ግን ቁልፍ ማንሣት ይቀለዋል።

ስለዚህ ቮልስ ያላችሁ ሁሉ ጋራዥ ስትገቡ ዝም አትበሉ። ድምፁ በቤንዚን ይለወጣል ወይ? መኪናው ሲታጠፍ ይብሳል ወይ? ፍሬን ሲረገጥ መነቃነቁ ይቆማል ወይ? ብላችሁ ጠይቁ። እነዚህን ሦስቱን ሳያረጋግጥ ዳዶ የሚነካ መካኒክ መኪናችሁን አይንካ።