ያልተመዘገበ ሌብነት



በዚህ ክረምት ከገመድ ላይ ልብስ፣ ከአጥር ላይ ቆርቆሮ ተሰርቋል። ይኸን ሁሉ የሰማሁት ዕድር ላይና ቡና ስንጠጣ ነው እንጂ ጣቢያ ሄዶ ያመለከተ አላጋጠመኝም። «ምን ሊመጣ ብዬ?» ይላል ሰዉ።

ስለ ወንጀል የሚያጠኑ ምሁራን አሉ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበሩት አንዳርጋቸው ተስፋዬ ስለ አገራችን ወንጀልና እርማቱ መጽሐፍ ጽፈዋል። እንዲህ ያለ ጥናት ከሚነሣባቸው አንዱ የፖሊስ መዝገብ ነው። እኛ ዝም ካልን መዝገቡ ሠፈሩ ሰላም ነው ይላል። ተማሪም መጠይቅ ይዞ ሲመጣ በር እንዘጋበታለን!

ድሮ አፈርሳታ ነበር። ንብረት ሲጠፋ አገሬው ተሰብስቦ ያየ የሰማውን ይናገራል፤ ሌባው ካልተገኘ ካሣውን ያዋጣል። ሥራ እያስፈታ ያስመርር ነበርና ይመለስ አልልም። ሌባ ሻይም ነበር፤ መድኃኒት የጠጣ ልጅ እየተንገዳገደ የገባበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። ይኸስ ቀረ እንላለን። ታዲያ ያለ ማስረጃ ሊስትሮውን ልጅ «እሱ ነው» ብሎ መደብደብ ከዚያ በምን ይሻላል?

በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ፣ ወንጀሉን በዓይኑ ያላየ ሰው እንኳ የማመልከት መብት እንዳለው ጽፏል። ስለዚህ የተሰረቀባችሁ ሁሉ ቀኑንና ዕቃውን ጠቅሳችሁ ጣቢያ አመልክቱ። መጻፍ የሚያስቸግራችሁ እሑድ ከሰዓት በኋላ ማኅበሩ ቢሮ ብቅ በሉ፤ እኔ እጽፍላችኋለሁ።

የማኅበሩ ጸሐፊ