ስለ እንጦጦ እንጨት ተሸካሚ ሴቶችና ከሩቅ አገር ስለሚመጣላቸው ርዳታ

ቸርነት ከየትም አገር ቢመጣ፥ በማንም እጅ ቢሰጥ፥ የሚመሰገን ነገር ነው። ይሁን እንጂ ቸርነትም እንደ ማናቸውም ሥራ ሥርዓትና ዕድሜ ያሻዋል። ይህን ለመረዳት የሚወድ ሰው ከእንጦጦ ተራራ ወደ የካ የሚወርደውን መንገድ ገና ጎሕ ሲቀድ ቆሞ ቢመለከት ይበቃዋል።

በዚያ መንገድ የባሕር ዛፍ ጭራሮና ቅጠል በገመድ አስረው በጀርባቸው የተሸከሙ ሴቶች፥ ወገባቸው ታጥፎ ዓይናቸውም ከመሬት ሳይነሣ፥ ቁልቁለቱን ይወርዳሉ። አሮጊትም አለች፤ ከትምህርት ቤት የቀረች ልጅም አለች፤ ነፍሰ ጡርም አትታጣም። ሸክሙ ብዙ ጊዜ ከ30 ኪሎ ያልፋል። በፈረንሳይ ለጋሲዮን ሠፈር ወይም በሾላ ገበያ ለእንጀራ ጋጋሪ ሸጠው የሚያገኙት ገንዘብ የዚያኑ ዕለት እራት ይገዛል እንጂ ለነገ አይተርፍም፤ ስለዚህ ሕመም ያደረባት ሴት እንኳ በማግሥቱ ወደ ዱሩ መመለስ ግድ ይሆንባታል።

የከተማው ሰው ይህን ሸክም እንደ ባዕድ ነገር ሊያየው አይገባውም። እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ/ም ከእንጦጦ ወርደው የአዲስ አበባን መሠረት ከጣሉ በኋላ፥ በዙሪያው የነበረው ደን ለማገዶና ለቤት መሥሪያ እየተቆረጠ ስላለቀ፥ ዳግማዊ ምኒልክ መናገሻውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ ማሰብ ደርሰው እንደ ነበር የታወቀ ነው። በ1880ዎቹ ዓመታት ከባሕር ማዶ መጥቶ የተተከለው ባሕር ዛፍ ቶሎ አድጎ ችግሩን ስላቃለለው ከተማው በቦታው ረጋ። ዛፉን ከተራራው ወደየምድጃው ያደረሰው ግን የአህያና የሴት ጀርባ ነው። አህያይቱ እንኳ ባለቤት አላትና በበዓል ቀን ታርፋለች።

ከእነዚህ ሴቶች መካከል የተራራው ተወላጅ ያልሆኑም አሉ። ኤች አይ ቪ በአገሩ ላይ በበረታበት ዘመን በሽታው ያገኛቸው፥ ባል የሞተባቸው ወይም ዘመድ የሸሻቸው ሴቶች ከየአገራቸው ተነሥተው ፈውስን ፍለጋ ወደ እንጦጦ ማርያም ጠበል መጡ። የሕመሙ መድኃኒት በ1997 ዓ/ም ያለ ዋጋ መታደል ቢጀምርም፥ መድኃኒት መውሰድ ሃይማኖትን ማጉደል የመሰላቸው አልጠፉም ነበር። በ1999 ዓ/ም በዘመኑ ፓትርያርክ የነበሩት ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉም መድኃኒቱም አንድ ላይ እንዲወሰድ መምከራቸው ጥርጥርን የሚያርቅ ቃል ነበር። ነገር ግን ብርታት ያገኘችው ሴት ወደ አገሯ ለመመለስ አፈረች፥ ወይም የሚቀበላት አጣች፤ በተራራው ሥር የጭቃ ቤት ተከራይታ፥ ስለ ኪራዩ እንጨት ተሸከመች።

ወደ እነዚህ ሴቶች ከአሜሪካና ከአውሮፓ የክርስቲያን ወገኖች፥ አንዳንዴ ለአንድ ሳምንት፥ አንዳንዴ ለሁለት፥ ይመጣሉ። ልብስና መድኃኒት ያመጣሉ፤ የልጆቻቸውን የትምህርት ወጪ ይከፍላሉ፤ አብረዋቸው ይጸልያሉ። ከእንግዶቹ አንዱ ሸክሙን በጀርባው ለማንሣት ሞክሮ ሲንገዳገድ ሴቶቹ ከልባቸው ይስቃሉ፥ ፎቶግራፍም ይነሣል። በዚህ ማንም ሊያፌዝ አይገባውም፤ ይህን ያህል ተጉዞ የድኻ ሴት ቤት መግባት ብዙ የቅርብ ሰው ያላደረገው ነው። ጭንቁ የሚጀምረው እንግዳው ከሄደ በኋላ ነው። የተሰጠው ልብስ ያልቃል፥ ገመዱም ከተሰቀለበት ይወርዳል።

ከርዳታው ሁሉ ፍሬ ያለው የሴቲቱን ሥራ የለወጠው ነው። በ1980ዎቹ የተቋቋመው የቀድሞ እንጨት ተሸካሚ ሴቶች ማኅበር አባሎቹን በሽመና ሥራ እንዲተዳደሩ አድርጓል። ከዚያም በኋላ በክርስቲያን ወገኖች ርዳታ የተከፈቱ የእጅ ሥራ ቤቶች፥ በጠበሉ አካባቢ ለሚኖሩ ሴቶች የተተኮሰ ጥይት ቀለህ እየቀለጠ ጨሌ ከሚሆንበት ናስ ጌጥ መሥራትን አስተማሩ። ለጦር የተሠራ ናስ የመበለት እንጀራ ሆነ። ይሁንና የጌጡ ገዢ አብዛኛው በባሕር ማዶ ያለ ነው። በ2012 ዓ/ም የኮሮና ወረርሽኝ የዓለምን ጉዞ ባቋረጠ ጊዜ፥ ከእንግዳ መምጣት ጋራ የታሰረ እንጀራ ምን ያህል የሚያሰጋ እንደ ሆነ ግልጥ ሆኗል።

መጥቶ መቅረት ምን እንደሚያፈራ ደግሞ በዚሁ ከተማ የታየ ምስክር አለ። ዶክተር ሬጂናልድና ዶክተር ካትሪን ሐምሊን በ1951 ዓ/ም ከአውስትራሊያ የመጡት ለሦስት ዓመት ውል ነበር። በወሊድ ተጎድተው ከሰው ተለይተው የሚኖሩትን ሴቶች ባዩ ጊዜ ቀሩ፤ ለእነርሱ ሆስፒታል አቋቋሙ፤ ዶክተር ካትሪንም በመጋቢት 2012 ዓ/ም በአዲስ አበባ እስካረፉ ድረስ 60 ዓመት ያህል ተቀመጡ። ከታካሚዎቻቸው አንዷ ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ በዚያው ቀርተው፥ ቀዶ ሕክምናን በእጅ ልምድ ተምረው፥ ሐኪሞችን እስከ ማሠልጠን ደርሰዋል። ከእያንዳንዱ እንግዳ ይህን ያህል ዕድሜ መጠየቅ አይቻልም። ስለዚህ የሚቀረው ሥራ የባለ አገሩ ነው።

ሰባቱ ዲያቆናት፥ ሊቀ ዲያቆናት እስጢፋኖስም ሳይቀር፥ የተሾሙት በዕለት ምግብ አሰጣጥ መበለታት ተዘነጉ የሚል ማጉረምረም ስለ ተነሣ መሆኑን ካህናት ከግብረ ሐዋርያት ያውቁታል። የዲቁና ማዕርግ መነሻው የመበለት ማዕድ ነው ማለት ነው፤ ያም ማዕድ በዓመት አንድ ጊዜ የሚዘረጋ አልነበረም። በተራራውና በግርጌው ያሉ አድባራት ሰበካ ጉባኤያት በጠበሉ ዙሪያ የሚኖሩትን ሴቶች በስም ቢመዘግቡ፥ የንስሐ አባቶችም ማን እንደ ታመመች፥ ማን ኪራይ እንዳጣች ቢያሳውቁ፥ ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። ለመጋረጃና ለመጎናጸፊያ ከሚገዛው ጨርቅም ጥቂቱ እንኳ ከእነዚሁ ሴቶች ሽመና ቢሆን የማይጠፋ ገበያ ይሆናቸዋል።

የመንግሥት ሹማምንት ድርሻ ከዚህ አያንስም። በ2013 ዓ/ም መጀመሪያ የተመረቀው የእንጦጦ ፓርክ ተራራውን ለደን ጥበቃና ለመናፈሻ ማብቃቱ መልካም ሥራ ነው። ነገር ግን ጠባቂ ጭራሮዋን የቀማት ሴት ሌላ ሥራ ካላገኘች በማግሥቱ ሌሊት በሌላ በኩል ትገባለች፤ በሌሊት ደግሞ ተራራው የጅብና የክፉ ሰው ነው። ለችግኝ ማፍላት፥ ለጽዳትና ለተከላ ሠራተኛ ሲቀጠር ከእነዚህ ሴቶች መጀመር ይገባል። ከባሕር ማዶ ወገኖች ጋራ የሚዋዋል መሥሪያ ቤትም ስንት እንግዳ እንደ መጣ ከመቁጠር ይልቅ፥ እንግዶቹ ከሄዱ ከአንድ ዓመት በኋላ ስንት ሴት ገመዷን እንደ ጣለች ቢቆጥር ይሻላል። ክረምት ሲገባ ቁልቁለቱ ያድጣል፥ የረጠበው እንጨትም ሸክሙ ይብሳል፤ ምዝገባው ከሰኔ በፊት ቢጀመር ይመረጣል።