የጭስ ማውጫው የት ይቁም?

ስለ ፋብሪካ ጭስ ስንከራከር ቀድመን የምንጠይቀው «ምን ያህል ነው?» ብለን ነው። እኔ ግን ከመጠኑ በፊት ቦታው መጠየቅ አለበት ባይ ነኝ። ያው የድንጋይ ከሰል በዚያው ምድጃ ቢነድም፣ ምድጃው የቆመበት ስፍራና ነፋሱ ሲለያዩ ጭሱን የሚተነፍሰው ሰው ሌላ ይሆናል።

ሰሜን ሸዋ ይህን በግልጽ ያሳያል። 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው ደብረ ብርሃን ፋብሪካዎች እየበዙ ነው፤ ለሚ ላይ ደግሞ በቀን 150,000 ኩንታል ሲሚንቶ ያመርታል የተባለው ፋብሪካ በመስከረም 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። የሞጃና ወደራ ወረዳዋ ሰላ ድንጋይ ከደብረ ብርሃን በስተ ሰሜን ናት። ታዲያ ጭሱ ይደርስባት ይሆን? መልሱ በወቅቱ ይወሰናል።

በደጋው አገራችን የበጋ ነፋስ በብዛት ከምሥራቅና ከሰሜን ምሥራቅ ይነፍሳል፤ በክረምት ደግሞ ከምዕራብና ከደቡብ ምዕራብ። ስለዚህ በክረምት የደብረ ብርሃን ጭስ ወደ ወደራ አቅጣጫ ሊያመራ ይችላል፤ ነገር ግን ዝናቡ ብዙውን በመንገድ ያጥበዋል። በበጋ ግን የሚያጥብ ዝናብ የለም። በዚያ ላይ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ሰማዩ ጠርቶ ምድሪቱ በውርጭ ስትቀዘቅዝ፣ ከላይ ያለው ሞቃት አየር እንደ አክንባሎ ይከደንባታል፤ ዝቅ ብሎ የወጣ ጭስ ማምለጫ ያጣል። ከክዳኑ በላይ የተለቀቀውም ቢሆን አይቀርልንም፤ ፀሐይ ወጥታ መሬቱን ስታሞቀው ክዳኑ ይሰበርና ረፋድ ላይ፣ ልጆች ትምህርት ቤት፣ ገበሬው አውድማ ላይ እያሉ ቁልቁል ይወርዳል። እንግዲህ በበጋው ነፋስ ክፉኛ የሚጎዳው ከፋብሪካው በስተ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ የሚኖር ሰው ነው። አዲስ ሰፈር የሚተክል ሁሉ ይህን አስቀድሞ ሊያውቀው ይገባል።

«ማውጫውን ማርዘም ነው» የሚሉ አሉ። ሎንዶን በኅዳር 1945 ዓ.ም. በጭስ ታፍና ሺዎች ከሞቱ በኋላ እንግሊዞች ከነዳጅ ለውጡ ጋር ማውጫዎቻቸውንም አስረዘሙ፤ በካናዳዋ ሰድበሪም 381 ሜትር የሚረዝም ቆመ። የሰፈሩ አየር ተሻለ፤ ብዙ የስዊድንና የኖርዌይ ሐይቆች ግን ከሩቅ በመጣ የአሲድ ዝናብ ዓሣ አልባ ሆኑ። ማስረዘም ጭሱን ወደ ሌላ ሰው ማሻገር እንጂ ማጥፋት አይደለም።

ስለ ፋብሪካ ይህን ያህል ስል፣ ዛሬ ሰላ ድንጋይ ላይ ሳንባ የሚጎዳው ጭስ ከየት እንደሚነሳ አልረሳሁም። ከምጣዱ ሥር ነው። ኩበት ሲነድ እንጀራ የምትጋግረው እናት ፊቷ ከጭሱ አንድ ክንድ አይርቅም፤ ሕፃኑም ጀርባዋ ላይ ታዝሏል። ከሲሚንቶ ፋብሪካ ጋር ሲተያይ ኢምንት የሆነው ጭስ፣ ስለቀረበ ብቻ ሳይበተን በቀጥታ ሳንባ ይገባል። ይህም የቦታ ጥያቄ ነው፤ ማድ ቤቱ ከመኝታ ቢለይ፣ ምድጃው ጭስ ማውጫ ቢኖረው ብዙ ይቀንሳል። የገጠሩን ማድ ቤት ከከተማው ፋብሪካ ነጥሎ ማየት ስህተት ነው የምለውም ለዚህ ነው። አንዲት እናት ማለዳ የኩበቱን፣ ረፋድ የፋብሪካውን ጭስ የምትተነፍሰው በአንድ ሳንባ ነው።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ አካባቢ የሁሉም ሰው መብት መሆኑን ደንግጓል። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995ም ጥናቱ ሥራው ከመጀመሩ በፊት እንዲደረግ ያዛል፤ ከክልል ወደ ክልል የሚሻገር ጉዳትንም ያነሳል። ይኸው ሐሳብ እስከ ወረዳ ይውረድ እላለሁ። ለትልቅ ፋብሪካ መሬት ከመሰጠቱ በፊት በቦታው ላይ ነፋስና የሌሊት ሙቀት በጋና ክረምቱን ሙሉ ይለካ። አዲሱ ጭስ ብቻውን ሳይሆን ቀድሞ ከቆመው ጋር ተደምሮ ይታሰብ። ምክክር ሲጠራም ከአጥሩ አጠገብ ያለው ቀበሌ ብቻ ሳይሆን፣ ነፋሱ ጭሱን የሚያደርስበት የሞጃና ወደራ ሰውም ይጠራ፤ ጥናቱም በሚገባው ቋንቋ ይነበብለት።