ጎመኑ ወደ ደጅ ይውጣ

አበባ በደጅ፣ ጎመን በጓሮ የሚለው የግቢ ልማዳችን መፈተሽ አለበት። ደም የመሰለውን የቀይ ሥር አገዳ፣ ሐምራዊውን የበሶብላ አበባ፣ ንብ የማይለየውን የጥብስ ቅጠል ማን ከጌጥ ያሳንሰዋል? መብልና ውበት ይስማማሉ፤ እንሰት ከቡናና ከዛፍ ጋር ተስማምቶ የሚለማበት የጌዴኦ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ፣ ሕዝብ የሚመግብ ማሳ ነው። «ሲቀጠፍ ደጁ ያስጠላል» ለሚሉን፣ ቆስጣም ሆነ ጎመን ከሥር ከሥሩ ሲቀነጠስ እምብርቱ ማቆጥቆጡን አይተውም፤ ተነቅሎ የሚወሰደው ሰላጣ ግን ከኋላ ቢተከል ይሻላል። ከዚህ የሚከብደው ስጋት የመንገድ ዳር አቧራና የመኪና ጭስ ነው። ስጋቱ እውነት ስለሆነ፣ አጥሩ ሥር የማይበላ ቁጥቋጦ ተክሎ ቅጠላ ቅጠሉን ወደ ቤቱ ማስጠጋት ያስፈልጋል።