ኬኩን ተዉትና የዲዩቲውን ክፈሉ

ነርስ ለልፋቷ የሚገባትን ታገኛለች ወይ ተብሎ ሲጠየቅ ይገርመኛል። አታገኝም፤ ጠያቂውም ያውቀዋል። እኔን የሚያንገበግበኝ ላለመክፈል የምናቀርበው ሰበብ ውዳሴ መሆኑ ነው።

ግንቦት 4 የነርሶች ቀን ነው። ኬክ ይቆረሳል፣ ባነር ይሰቀላል፣ ሙያው ክቡር ነው ይባላል። የ2017ቱን ግንቦት ግን አስታውሱ። ነርሶችም ሐኪሞችም ደመወዙ አላኖረንም፣ የዲዩቲ (የተረኝነት ሥራ) እና የተጋላጭነት ክፍያ ይስተካከልልን፣ ስንታመም እንኳ በነፃ እንታከም ብለው ሥራ ያቆሙት በዚያው ወር ነው። በርካቶች ታሰሩ፤ ከታሳሪዎቹ አንዱ የማኅበራቸው ፕሬዚዳንት ነበር።

ሥራ ካቆማችሁ ሰው ይሞታል ተባሉ። እውነት ነው፣ ይሞታል። የአሠሪና ሠራተኛ ዐዋጅ ቁጥር 1156/2011ም ሆስፒታልን ከመብራትና ከእሳት አደጋ ጋር እጅግ አስፈላጊ አገልግሎት ብሎ መድቦ፣ በዚያ ሥራ ማቆምን ከልክሏል። (ዐዋጁ የመንግሥት ሠራተኛን አይመለከትም የምትሉኝ የሕግ ሰዎች፣ ልክ ናችሁ፤ መንፈሱ ግን ፖሊስ ጣቢያ ድረስ ሄዷል።) እንግዲህ ነርስ አንድ ሌሊት ብትቀር ሰው የሚሞትባት ሠራተኛ ናት። ታዲያ ይህ አስፈላጊነቷ ለማሰር ሲሆን የሚታወሰው፣ ደመወዝ ሲተመን የሚረሳው በምን ሒሳብ ነው?

ጭማሪ ተደርጓል እኮ ይሉኛል። አዎ፣ ከመስከረም 2018 ጀምሮ የዲግሪ ምሩቅ መነሻ ደመወዝ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር ከፍ እንዲል ተወስኗል። ለሠላሳ ቀን ሲካፈል 383 ብር፣ ያውም ግብሩና ጡረታው ሳይነሣ። ሐምሌ 2016 ላይ የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በዓመቱ ከ130 አለፈ። ዘይቱም፣ የሕፃን ወተቱም የተከተሉት ዶላሩን ነው።

እኅቴ ነርስ ናት። ማታ ስትገባ ዋርዱ ሞልቶ ይጠብቃታል። አንዱ ካኑላው ወልቆበታል፣ ሌላው ኦክስጅን ላይ ነው፣ በር ላይ ደግሞ አስታማሚ ይሰድባታል። ለምን? መድኃኒቱ አልቋል፣ ከውጭ ግዙ ብላ የምትናገረው እሷ ስለሆነች። መድኃኒቱን በጊዜው ያላስገዛው ሰውዬ በዚያ ሰዓት ቤቱ ተኝቷል፤ ስድቡ አይደርሰውም፣ ደመወዙም አይዘገይበትም። የእሷ የዲዩቲ ክፍያ ግን ወራት አልፎት፣ ተቆራርጦ ይመጣል። ስትጠይቅ በጀት አልተለቀቀም ትባላለች። ሌሊቱ ሲሠራ በጀት ይለቀቅልኝ ብላ ነበር?

የምጠይቀው ሰማይ የራቀ ነገር አይደለም። የዲዩቲው ክፍያ ከወር ደመወዝ ጋር ይግባ። በሽተኛ ስታስታምም በሽታ የሚይዛት ሰው፣ በምትሠራበት ሆስፒታል ካርድ ስታወጣ ኪሷን አትዳብስ። የደመወዙ ስኬልም በሌሊትና በደም ንክኪ የሚሠራን ሰው፣ በአሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ቢሮ ቆልፎ ከሚወጣ ሰው ይለየው።

ገንዘብ የለም የሚል ባለሥልጣን ካለ፣ የእኅቴን አከራይ አድራሻ እሰጠዋለሁ። ሄዶ እሳቸውን ያስረዳልኝ።