እማዬ ያጣችው ጥላ

ዛሬ የራሴን ጥፋት ላውጋችሁ።

ዓምና ሐዋሳ ያለውን ቤታችንን ስናድስ ከግቢያችን መሀል የነበረውን አቮካዶ ያስቆረጥኩት እኔ ነኝ። ቅጠሉ ግቢ ያቆሽሻል ብዬ። ቦታውን በሙሉ ሴራሚክ አለበስነው። ጎረቤት ሁሉ “አማረባችሁ” ሲለን እናቴ ብቻ ዝም አለች።

እማዬ ያደገችው በሲዳማ ደጋ፣ ሁላ፣ በቀርከሃ በተሠራ ባህላዊ ቤት ነው። ከከተማው ግቢ የወደደችው ያንን ዛፍ ነበር። ከሥሩ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ ቡና ትለቅማለች፤ የልጅ ልጆቿን ትጠብቃለች። ዛፉ ሲቆረጥ ክፍሏ ገብታ ቀረች። ልጆቹም ከቴሌቪዥን ፊት አልነሳ አሉ።

ከሰዓት በኋላ ሴራሚኩ እግር ያቃጥላል፤ ማታ ደግሞ ግድግዳው ቀን የጠጣውን ሙቀት ይመልሳል። ለካ ዛፍ ጥላው ብቻ አይደለም፤ ከቅጠሉ የሚተነው ውኃም አካባቢውን ያቀዘቅዛል።

ነገሩ ከሙቀትም ያልፋል። አሜሪካዊው ተመራማሪ ሮጀር ኡልሪክ እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተመው ጥናት፣ በፔንስልቬንያ በሚገኝ ሆስፒታል የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን 46 ሕሙማን መዝገብ አነጻጽሯል። በመስኮታቸው ዛፍ ያዩ የነበሩት፣ የጡብ ግድግዳ ያዩ ከነበሩት ቀድመው ቤታቸው ገብተዋል፤ የወሰዱት ጠንካራ የሕመም ማስታገሻም ያነሰ ነው። ታዲያ ቀኑን ሙሉ ቤት ለሚውል አዛውንትስ?

ዘንድሮ ክረምት ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር ያህል ሴራሚክ አስነስተን፣ ሲሚንቶውን አስፈልፍለን፣ ከግድግዳው ራቅ አድርገን የአቮካዶ ችግኝ ተከልን። እስኪያድግ በረንዳው ላይ የቀርከሃ መከለያ አሠራን። የእማዬንም አልጋ ወደ መስኮቱ አዞርነው።

ቤት ልታሠሩ ያሰባችሁ፣ ፕላን ከመውጣቱ በፊት በግቢው ያለውን ዛፍ ለባለሙያው አሳዩ። ዛፉን ማትረፍ የሚቻለው ያኔ ነው። ቦታ ከሌላችሁ በመስኮት በኩል ጥቂት ማሰሮ አበባም ይበቃል። ሁለት ነገር ግን ልብ በሉ፦ ከማሰሮው ሥር ውኃ አታስቋጥሩ፣ ትንኝ ይራባበታል። ዲፈንባኪያ የተባለውን ባለሰፊ ቅጠል ተክል ደግሞ ሕፃን ከማይደርስበት አኑሩ፤ ቢያኝከው አፉን ያቃጥለዋል፣ ያሳብጠዋል።

ችግኙን ጠዋት ጠዋት የምታጠጣው እማዬ ናት። ባለፈው እሑድ በርጩማዋን አውጥታ ከቀርከሃው ሥር ተቀምጣ አየኋት። ትንሹ ልጄም አጠገቧ ተቀምጦ የለቀመችውን ቡና መልሶ ይደባልቅባታል።